በሁለቱ ራዲያተሮች መሃል

አንድ ሰው ነበረ። ዳገት ላይ የምትፈላ መኪና ነበረችው።

ጥያቄህን ሰምቻለሁ፣ መንበሩ፤ ልሸሸው አይደለም። «ጋሼ ዘለቀ፣ እርስዎ ራስዎ ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ከእህቴ ከስንዱ ጋር አስታርቀውኛል። ይቅር ብያለሁ። ታዲያ ይኸው ሁለት ዓመት፣ ባየኋት ቁጥር ደሜ የሚፈላው ለምንድን ነው? ለፋሲካ እናቴ ቤት ባልሄድስ?» ነው ያልከኝ። እናትህ ደግሞ «ሁለቱን በአንድ ገበታ ሳላይ አትግደለኝ» ብላ እግዚአብሔርን የምትለምን ሴት ናት። ቀላል ጥያቄ አይደለም ያመጣኸው። ስለዚህ እስክጨርስ ዝም ብለህ ስማኝ። ሠላሳ ዓመት የመኪና ጥገና ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ምክር ስጥ ብትለኝ ከጋራዥ ውጪ ምሳሌ አላውቅም።

ይህ ሰው መድኃኒት ቤት ነበረው። ባለጠጋ ነው ለማለት ያስቸግራል። ከልጅነቱ ጀምሮ ግን የስፖርት መኪና ሲመኝ ኖሮ፣ አንድ የውጭ አገር ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ ከእሱ ገዛት። ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ባለሁለት ወንበር። ሞተሯ ከኋላ ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዙት ራዲያተሮች ግን ከፊት ናቸው፤ ሁለት ናቸው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። የፊት መከላከያዋ፣ ፓራውልቷ ላይ እንደ አፍ የተከፈቱ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ነፋሱ በእነሱ ገብቶ ራዲያተሮቹን ያገኛቸዋል። ከእያንዳንዱ ራዲያተር ፊት ደግሞ ሌላ ቀጭን ራዲያተር ተደርቧል፤ እሱ የኤሲው ነው። በሁለቱ መሃል ያለው ክፍተት ከአንድ ጣት አይበልጥም። ይቺን ክፍተት ልብ በልልኝ።

ሰውየው ቤቱ ከሽሮ ሜዳ በላይ ነው፤ ወደ እንጦጦ መውጫው ላይ። መኪናዋ ሜዳውን እንደ ልቧ ትሄዳለች። ወደ ቤት ዳገቱን ስትጀምር ግን የሙቀቱ መርፌ ብድግ ይላል። ሽሮ ሜዳ ስትደርስ ቀዩን ይነካል። ሰውየው ጥግ ይይዝና ያጠፋታል። ታክሲ ሁሉ እየጮኸበት ያልፋል። የተጫነ አህያ ሳይቀር ይቀድመዋል። እንግዲህ አስበው፤ ሌላ ቦታ ሁሉ ደህና ሆና የምትፈላው ወደ ቤት ስትሄድ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ውሃ ጨመረ። እኛ አገር መኪና ሲሞቅ የመጀመሪያው መድኃኒት ይኸው አይደል? ጄሪካን ያልያዘ ሹፌር ሹፌርም አይባል። ባለሁለት ወንበር መኪና ላይ ግን ጄሪካን የት ይቀመጣል? ሚስቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ በታክሲ መምጣት ጀመረች።

ቀጥሎ ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ የፊቱን ኮፈን ከፍቶ ሞተር ቢፈልግ ሻንጣ ማስቀመጫ አገኘ። ትንሽ አፈረ፤ ግን ማፈሩን ላለማሳየት ወዲያው ፈረደ። «ችግሯ ተርሞስታቱ ነው፤ አውጥተን እንጣለው» አለ። ተርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ያዝ አድርጎ፣ ሲሞቅ መንገድ የሚከፍትለት ዕቃ ነው። የኛ ሰው መኪና በሞቀ ቁጥር ይህን ምስኪን ዕቃ ነቅሎ ይጥላል። ተማሪዎቼ ላይ በዚህ ነገር ስንቴ እንደጮህኩባቸው እነሱ ይናገሩ። ነቀሉት፤ ጣሉት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሞተሯ አልሞቅ ብሎ ሲንገጫገጭ ያረፍዳል፤ ዳገቱ ላይ ግን እንደ ድሮዋ ትፈላለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

አንድ ወዳጁ ታዲያ ለእውነት የቀረበ ነገር ነገረው። «ራዲያተሯ ቆሽሾ ይሆናል» አለው። ሰውየው ላቫጆ ሄደ። አጣቢው ያንን ኃይለኛ የውሃ መርጫ አነሳና ወደ ሁለቱ አፎች ለቀቀው። ጥቁር ውሃ ወረደ። እንደገና ለቀቀው፤ እንደገና ጥቁር ውሃ ወረደ። ኋላ ላይ ውሃው ጠራ። ባትሪ አብርተው ወደ ውስጥ ሲያዩ ፊት ለፊት ያለው ራዲያተር ያብረቀርቃል። «ይኸው ጸዳች!» ተባለ። ሰውየው አመስግኖ ወደ ቤቱ ዳገቱን ጀመረ። ሽሮ ሜዳ እንኳን አልደረሰም፤ ስድስት ኪሎን እንዳለፈ ፈላች።

አሁን ተናደደ። ሲነዳ አንድ ደረቅ ቅጠል መሬት ለመሬት ተንከባሎ ወደ ግራው አፍ ሲገባ በዓይኑ አይቶ ነበር። «ጥፋቱ የዚህ አፍ ነው» አለና ሁለቱንም ቀዳዳ በካርቶን ደፈናቸው። ቅጠል አልገባም። ነፋስም አልገባም። ያን ዕለት ሜዳውም ላይ ፈላችበት፤ ካርቶኑን ነቅሎ ጣለ። የሚያበርደው ነፋስና የሚያስቸግረው ቅጠል የሚገቡት በአንድ በር ነው፤ ይህን ማንም መሐንዲስ ሊያሻሽለው አልቻለም።

ሚስቱ በዚህ ጊዜ ቆረጠች። «ስማኝ፤ ወይ ሽጣት፣ ወይ አንደኛህን ሥራት። እኔ ከጄሪካን ጋር ወንበር አልሻማም» አለችው። ወንድሟም «ገዢ አለ» አለ። ሰውየው ሊሸጣት ተስማማ። ለእሁድ ቀጠሮ ያዘ። ልቡ ግን እንደ ሐዘንተኛ ልብ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የተመኛትን ነገር ባገኛት በሦስት ዓመቱ አሳልፎ ሊሰጣት ነው።

ቅዳሜ ከሥራ ሲመለስ እንደ ልማዷ ሽሮ ሜዳ ላይ ፈላች። ወርዶ ከመኪናዋ ፊት ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ። ከአፏ ትኩስ አየር ይወጣል። በዚያ አየር ውስጥ አንድ ሽታ አወቀ። ጉንፋን ይዞህ፣ ባህር ዛፍ ተቀቅሎልህ፣ ተከናንበህ ስትታጠን የሚሸትህን ሽታ ታውቀው የለ? እሱ ነው። የባህር ዛፍ ቅጠል ውስጧ እየበሰለ ነው። ላቫጆ የታጠበች መኪና! ፊቷ የሚያብረቀርቅ መኪና!

«ቅጠሉ ታዲያ የት ነው ያለው?» አለ ሰውየው። ይህን ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም ነበር። እስካሁን የጠየቀው «ምን ልጨምርባት? ምን ልንቀልላት? ምኑን ልዝጋባት?» የሚል ብቻ ነው።

እሁድ ጠዋት ገዢውን በስልክ አስቀረው። ግቢው ውስጥ አሮጌ ብርድ ልብስ አነጠፈ፤ ካቻቢቴና መፍቻ ደረደረ። ሚስቱ ከበረንዳ ላይ «ምን ልትሆን ነው?» አለችው።

«ፓራውልቷን ልፈታ።»

«አንተ? ያንን የመሰለ ፊት? አምፖል መቀየር ሲያቅትህ ያየሁህ ሰውዬ?»

«አዎ፣ እኔ። ውስጧን በዓይኔ ሳላይ ዛሬ ከዚህ አልነሳም።»

ጎረቤት እንዳያየው የግቢውን በር ዘጋ። አየህ፣ የቆንጆ መኪና ፊት መፍታት ያሳፍራል። ከሥሯ ተኝቶ የታችኞቹን ብሎኖች ፈታ። ጎማዎቹን ወደ ጎን አዙሮ በየጎማው ቤት ውስጥ የተደበቁትን ፈታ። አፈር ዓይኑ ውስጥ ገባ። አንድ የፕላስቲክ መያዣ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ልቡ አብሮ ቀጭ አለ። ተወው ልትለው ትችላለህ፤ እሱ ግን አልተወውም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ረፋዱ ላይ ፓራውልቷ ወጣች፤ በብርድ ልብሱ ላይ አስተኛት። መኪናዋ የፊት ጥርሷ የወለቀ አሮጊት መሰለች።

የፊተኛው ራዲያተር ላቫጆ እንዳሳየው ንጹሕ ነበር። አንድ ቅጠል የለበትም። ሰውየው ደነገጠ። ይህን ሁሉ የለፋሁት በከንቱ ነው ብሎ ሊመልሳትም አሰበ። ሽታው ግን አለ። ስለዚህ አጎንብሶ ከጎን በኩል፣ በሁለቱ መሃል ባለችው ክፍተት አየ። ምንም አይታይም፤ ጨለማ ነው። ብርሃን ማለፍ ነበረበት። የኤሲውን ራዲያተር የያዙትን አራት ብሎኖች ፈታ፤ ቱቦዎቹን ሳይነካ ቀስ ብሎ ወደ ፊት አዘነበለው።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። መሃሉ ላይ እንደ ምንጣፍ የተጠቀጠቀ ነገር አለ። የእንጦጦ ባህር ዛፍ ቅጠል፣ የስድስት ኪሎ የጃካራንዳ አበባ፣ ላባ፣ የፌስታል ቁራጭ፣ ክረምት መግቢያ ላይ የሚወጣው የምስጥ ክንፍ፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የጣሉት የጥለት ክር። ይህ ሁሉ የሦስት ዓመት ክምችት ነው። ሲጀመር ልል ነበር፤ በእጅ እፍኝ እፍኝ የሚወጣ። ላቫጆው ነው በውሃ ኃይል ከፊተኛው አሳልፎ ወደ ኋለኛው የጠቀጠቀው። ፊቷን አጥቦ ቆሻሻውን ውስጧ ለሰነው። ስስ ስስ የሆኑትን የራዲያተሩን ክንፎችም ያ ውሃ አጣጥፏቸዋል።

ሰውየው ቧንቧውን ሊከፍትና እሱም በኃይል ሊረጭ እጁ ተነሳ። ከዚያ ተወው። በጣቱ ጀመረ። ትልልቁን በጣቱ እየነቀለ ሳፋ ውስጥ ጣለ። ደቃቁን በቤቱ ምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ሳበው። የቀረውን ለስላሳ ብሩሽ አረጠበና አላቀቀው። መጨረሻ ላይ ቀጭን ውሃ ከኋላ ወደ ፊት አፈሰሰ፤ በገባበት መንገድ ይመለስ ብሎ። የታጠፉትን ክንፎች የሚያቀና ነገር ቢያጣ ሚስቱ የስፌቷን ወስፌ ይዛ ወረደች። «ወዲያ በል፤ ይሄ የኔ ሥራ ነው» አለችው። አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል አቀናቻቸው። ግራውን ጨርሰው ወደ ቀኙ ዞሩ። ምሳ ሳይበሉ አሥር ሰዓት ሆነ። ሳፋው ሞላ።

ሲገጥማት ሁለት ብሎኖች ተረፉት። የት እንደነበሩ እስከ ዛሬ አያውቅም፤ መኪናዋም አልጠየቀችውም።

ሰኞ ወደ ጋራዡ ሄዶ አዲስ ተርሞስታት አስገባ። ከዚያ ሚስቱን ከፒያሳ አሳፍሮ ዳገቱን ያዘ። ሚስቱ ዓይኗን ከመርፌው ላይ አልነቀለችም። ስድስት ኪሎ፣ መርፌው ግማሽ ላይ። ሽሮ ሜዳ፣ ግማሽ ላይ። የግቢያቸው በር ድረስ ግማሽ ላይ። ለወራት ሲያፍርበት የኖረውን ዳገት ሳይቆም ወጣው። ሰውየው መሪውን እንደያዘ አለቀሰ፤ ይህን የነገረችኝ ሚስቱ ናት፤ እሱ ይክዳል።

መካኒኩ ኋላ «ምኗን ቀየርክ?» ሲለው፣ «ከተርሞስታቱ ሌላ ምኗንም አልቀየርኩ። ማንም ያላየልኝን አወጣሁ» አለው። በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ያንን ብርድ ልብስ ያነጥፋል፤ ቅጠል መግባቱን እንደማያቆም አውቋልና።

እንግዲህ መንበሩ፣ ወዳንተ ልዙር። ያቺ መኪና አንተ ነህ። ክፉ ሰው ስለሆንክ አይደለም የምትፈላው። ሞተርህ ደህና ነው። ሥራ ቦታህ ላይ፣ ከጓደኞችህ ጋር፣ ሜዳው ላይ ደህና ትሄዳለህ። የምትፈላው ወደ ቤት የሚወስደውን ዳገት ስትጀምር ነው። የእናትህ ቤት ያ አፍ ነው። ለፋሲካ አልሄድም ማለትህ ካርቶኑ ነው። ስንዱን አታያትም፤ እውነት ነው። የእናትህንም ፊት ግን አታየውም። የሚያበርድህንም ትዘጋዋለህ።

ላቫጆው ማን ነው? እኛ ነን። እኛ ሽማግሌዎቹ። በአባትህ አርባ ማግስት አስቀመጥናችሁ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። አንተ «ለምን ሳትጠብቁኝ ቀበራችሁት?» ብለህ አፍህን ስትከፍት እኔ እጄን አነሳሁ። «ነገር አታንሳ፤ ያለፈ አለፈ፤ ሆድ ይፍጀው» አልኩህ። እሷም አለቀሰች፣ አንተም አለቀስክ። ጥቁር ውሃ ወረደ። እኛም «ይኸው ጸዳ!» ብለን መርቀን ተነሳን። ይቅር ለእግዚአብሔር ያልከው ከልብህ ነው፤ እኔ እመሰክርልሃለሁ። ግን ሆድ አይፈጅም፣ ልጄ። ሆድ ያስቀምጣል። ያንን ጥያቄህን በኃይል ወደ ውስጥ የጠቀጠቅነው እኛ ነን።

ስለዚህ ወደ ስንዱ ቤት ትሄዳለህ። ከፋሲካ በፊት፣ በሩን ዘግታችሁ፣ ሁለታችሁ ብቻ። ያፍራል ሰው፤ ማፈር ያለ ነው። የይቅርታችሁን ፊት ትፈታዋለህ፤ የሚሰበር ነገር ቢኖርም ይሰበር። ከዚያ ያንን ያልጠየቅከውን ትጠይቃታለህ። በጩኸት አይደለም፤ በጣት ነው።

ለምን ጭንቅላትህን ትነቀንቃለህ? «የምትመልስልኝ የላትም» ነው? አላት። ይህን እንዴት እንደማውቅ ልንገርህ፤ ዛሬም ካልነገርኩህ ይህን ሁሉ ማውራቴ ላቫጆ ነው።

አባትህ ያረፈ ዕለት አንተ መተማ ነበርክ። «መንገድ ጀምሬያለሁ፤ እስከ ነገ ጠብቁኝ» ብለህ ደወልክ። ስንዱ ስልኩን እንደዘጋች እኔ ዘንድ ሮጣ መጣች። የእድሩ ዳኛ እኔ ነበርኩ። «ጋሼ፣ ወንድሜ እስኪደርስ አሳድሩልኝ» አለች። እኔ «ሬሳ ማሳደር አልለመድንም» አልኩ። ድንኳኑ ለሌላ ቤት ተይዟል አልኩ፤ ሰው ከሥራ ቀርቷል አልኩ። እግሬ ላይ ወደቀች። ከእግሬ ላይ አነሳኋትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባትህን አስቀበርኩ። አንተ በማግስቱ አቧራህን ለብሰህ ደረስክ፤ አዲስ አፈር ላይ ቆምክ። ያን ቀን ያየሁትን ፊትህን አልረሳሁትም።

ለእርቁ ስንቀመጥ ስንዱ ቀና ብላ አየችኝ። እናገራለሁ ብላ ጠበቀችኝ። እኔ እጄን አነሳሁ። ለሰላም ብዬ ያነሳሁት ይመስልሃል፤ እኔም እንደዚያ እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ለራሴ ነው። እሷ ሽማግሌ አላዋርድም ብላ ዋጠችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኗን ማየት ያቃተህ እህትህ፣ አንተን ለመጠበቅ አፈር ላይ የወደቀች ሴት ናት።

ይኸው፣ የመጀመሪያውን እኔ በእጄ አወጣሁት። ተቆጣኝ፤ ይገባኛል። ብትፈልግ ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ አትበለኝ። ግን እዚህ ተቀምጠህ እኔን ስትቆጣ አትዋል። እሷ ፊት የቀረ አለ፤ አንተ የምታወጣው፣ እሷም የምታወጣው። እዚያ ድረስ አብሬህ እሄዳለሁ፤ አሁን ያልኩህን በእሷ ፊት እደግመዋለሁ፤ ከዚያ እናንተን ትቼ እወጣለሁ።

ጉልበቴ ዳገት አይወድም፤ ክንድህን ስጠኝ። ተነስ፣ እንሂድ።